አራተኛው ድብልብል

ቸኮላት መጀመሪያ ያየሁ ቀን ጭቃ መስሎኝ ነበር። ማዳም ካሊዮፒ ከጅቡቲ በባቡር የመጣላትን ሣጥን ከፍታ አንዱን ጥፍጥፍ በቢላ ሰበረችና ቁራሹን አፌ ውስጥ ከተተችው። ልተፋው አሰብኩ። ከዚያ ምላሴ ላይ መቅለጥ ሲጀምር እንዳያመልጠኝ አፌን ጥርቅም አድርጌ ዘጋሁ። ከዚያ ቀን ወዲህ በቃ፣ ስተኛም ስነሳም የማስበው እሱን ነው። እናቴ አረጋሽ "ይቺ ልጅ ወይ ታማለች ወይ ሰው ወዳለች" ትል ነበር። አልታመምኩም፣ ሰውም አልወደድኩም። ቸኮላት ነው።

እልፍነሽ እባላለሁ፣ አስራ አምስት ዓመቴ ነው። አባቴ ሰንበታ በቅሎ ነጂ ነው፤ ከአዳማ ባቡር ጣቢያ እቃ እየጫነ ዝዋይና አዳሚ ቱሉ ድረስ ያደርሳል። እኔ ደሞ ጣቢያው አጠገብ ማዳም ምግብ ቤት ውስጥ እሠራ ነበር። ማዳም ግሪክ ናት። ወፍራም፣ ትንሽ ጢም ያላት፣ ስትስቅ የባቡሩን ፉጨት የምታስንቅ። ባቡሩ እኩለ ቀን ላይ ሲቆም የሚወርዱት ፈረንጆች ከምሳ በኋላ የሚበሉትን ድብልብል የምሠራው እኔ ነበርኩ። እሷ "ትሩፍ" ትለዋለች። ፈረንጅ አገር በአሳማ እያስቆፈሩ የሚበሉት የመሬት እንጉዳይ አለ፣ እሱን ስለሚመስል ነው አለችኝ። ይሄን ለጓደኛዬ ለከሪማ ስነግራት "አስተግፊሩላህ" ብላ ሦስት ቀን ሙሉ አልነካችውም። በአራተኛው ቀን አምስት በላች።

አሠራሩን ልንገራችሁ፣ ስለሱ ማውራት ስለምወድ ነው። ቸኮላቱን ደቀቅ አድርጎ መክተፍ። ስልባቦት በድስት ማሞቅ፣ ሳይፈላ፣ ዳር ዳሩ አረፋ ሲይዝ ቸኮላቱ ላይ መድፋት። ከዚያ በእጅ አለመንካት። እስከ መቶ መቁጠር። ሁልጊዜ ስልሳ ላይ እጄ ይበላኛል፣ ግን እችላለሁ። ከዚያ ከመሃል ጀምሮ ወደ ዳር ማማሰል፣ ለጋ ቅቤ ጣል ማድረግ፣ በእርጥብ ጨርቅ የተጠቀለለ እንስራ አጠገብ ማቀዝቀዝ። የአዳማ ሙቀት ቸኮላት አይወድም፤ ሥራው ሁሉ ጎህ ሳይቀድ ነው። ሲጠና በሁለት መዳፍ እያድበለበሉ ካካዎ ዱቄት ላይ ማንከባለል። እዚህ ላይ ነው ጉዱ። እጁ ሙቅ የሆነ ሰው ሁሉንም ያቀልጠዋል። የኔ እጅ ግን ከልጅነቴ ጀምሮ ቀዝቃዛ ነው። ማዳም ሲደንቃት "የሬሳ እጅ" ትለኛለች። እኔም ደስ ይለኝ ነበር። እንደ ሹመት ነበር የምቆጥረው።

ታዲያ ያቺ የቀኛዝማች መርዳሳ በቅሎ ባትሞት ኖሮ እስካሁን እዚያው ነበርኩ።

ቀኛዝማች የኛ አገር ትልቅ ሰው ናቸው። ሰጋር በቅሏቸውን አባቴ ከዝዋይ ሲያመጣላቸው መንገድ ላይ ሆዷ ተነፍቶ ሞተች። አባቴ "የማታውቀውን ሳር በልታ ነው" አለ። ቀኛዝማች ግን "መርዘህ ገደልክብኝ" አሉ። እሳቸው መርዝ ያልገባበት ነገር አይታያቸውም። ወንድማቸው ሰርግ ላይ አንድ ብርሌ ጠጅ ጠጥተው በሦስተኛው ቀን ሞቱ፤ ከዚያ ወዲህ የቀረበላቸውን ሁሉ ያቀረበው ሰው ካልቀመሰ አፋቸው አያደርሱም። ውሃ እንኳን። አባቴን እግር ብረት አግብተው ግቢያቸው ውስጥ ያለ ባዶ ጎተራ ዘጉበት። አርብ በባቡር ወደ ቆላ ወህኒ ይላካል ተባለ። ከሰፈራችን ወደዚያ የሄዱ ሁለት ሰዎች ነበሩ። ሁለቱም አልተመለሱም።

እናቴ አስር ቀን ሙሉ በራቸው ላይ ቆማ ተመለሰች። እጅ መንሻ ያልያዘ ሰው ፊታቸው አይቀርብም። በግ የለን፣ ማር የለን፣ ዶሮአችንን እንኳ ጅብ በልቷታል። ማክሰኞ ቀን እኔ ማዳም ወጥ ቤት ቁጭ ብዬ ይሄን እያሰብኩ አፌ ውስጥ ቁራሽ ቸኮላት አለ። ማዳም ሰኞ ድሬዳዋ ሄዳለች፣ ሐሙስ ነው የምትመለሰው። ስትሄድ በመንገድ ሙቀት ነጭ ነጭ ያወጡ ስድስት ጥፍጥፎች "ለደንበኛ አይሆንም፣ አንቺ ውሰጂው" ብላ ሰጥታኛለች። እና ድንገት መጣልኝ። ማርና በግ ማንም ይሰጣቸዋል። ቸኮላት ግን በዕድሜያቸው ቀምሰው አያውቁም። አንዴ ከቀመሱ አባቴን አይደለም፣ እስረኛውን ሁሉ ይፈታሉ።

ሮጬ ከሪማ ጋ ሄድኩ። አባቷ አብደላ ከወሎ የመጡ ነጋዴ ናቸው፤ ቅመማ ቅመም ይሸጣሉ። ኮረሪማ ስጪኝ አልኳትና ምክንያቱን ነገርኳት።

"እልፌ፣ ጤነኛ ነሽ?" አለች። "አባትሽ በመርዝ ተከሶ ታስሮ፣ አንቺ ጥቁር ነገር አድበልብለሽ ልትወስጂላቸው?"

"ጥቁር አይደለም፣ ዳማ ነው።"

"ወላሂ አንቺን ነው ማሰር።"

"ኮረሪማውን ትሰጪኛለሽ ወይስ አትሰጪኝም?"

አባቷን አስፈቅዳ እፍኝ ሙሉ ሰጠችኝ። እየሰጠችኝ ግን አላየችኝም፤ ወደ መንገዱ ነበር የምታየው። "ለእናትሽ ንገሪ" አለች። እሺ አልኳት። አልነገርኩም። ብነግራት እንደማትፈቅድ አውቃለሁ። እኔ ደሞ አንድ ነገር ከመጣልኝ ወዲያው ካላደረግኩት ያፍነኛል።

በነጋታው ከዶሮ ጩኸት በፊት ተነሳሁ። አራት ዓይነት አደረግሁት፣ ከያንዳንዱ አስራ አምስት አስራ አምስት። አንደኛው የብርቱካን ልጣጭ ነው፤ ከድሬዳዋ በባቡር የመጣ ብርቱካን ልጣጩን በስኳር ቀቅዬ ከትፌ ጨመርኩበት። ሁለተኛው ኮረሪማ። ሦስተኛው ቡና፣ የተወቀጠ፣ እስከ ዱቄት ድረስ የተነፋ። አራተኛው ላይ ስደርስ የሚጨመር ነገር አለቀብኝ። ሦስት ዓይነት ማቅረብ ደሞ ሙሉ አልመሰለኝም። ማዳም ከላይኛው መደርደሪያ የምታስቀምጣት ትንሽ ሰማያዊ ጠርሙስ አለች። የተጻፈባትን ማንበብ አልችልም። ጀርባዋ ላይ ቀይ ወረቀት ተለጥፎባታል። ስትከፈት የኮክ ፍሬ ሰብሮ ውስጡን እንደማሽተት ነው የምትሸተው። ማዳም ኬክ ስትጋግር ሁለት ጠብታ አድርጋ ቶሎ ትከድናታለች፣ የማይነካ ነገር ይመስል። "ሁለት ብቻ" ትላለች ጣቷን አውጥታ። እኔ ግን ሁለት ጠብታ ለማዳም ደንበኛ ይበቃ ይሆናል፣ ለአባቴ ግን አይበቃም ብዬ ስድስት አደረግሁ። ሽታው ደስ ሲል። አልቀመስኩትም፣ ቶሎ ቶሎ እያድበለበልኩ ስለነበር። ከሁሉም ያማረው እሱ ነበር፣ ሥነ ሥርዓት ያለው ክብ።

ሙዳይ ውስጥ እርጥብ ኮባ ቅጠል አንጥፌ በአራት መስመር ደረደርኳቸው።

የቀኛዝማች በር ላይ ጉተማ የሚባል ዘበኛ አለ፤ አባቴን ያውቀዋል። "አካም ቡልቴ" ብዬ እንዴት እንዳደረ ጠየቅኩት፣ "ነጋ ዳ" አለኝና ሙዳዩን አየ።

"ምንድነው?"

"ጣፋጭ ነገር።"

"የማር?"

"የባቡር።"

ትንሽ አሰበበት። "ያባትሽን ነገር ልትጠይቂ ነው?" አለ ቀስ ብሎ። አዎ አልኩት። "ዛሬ ቀኑ ጥሩ አይደለም" አለኝ። ምን ማለቱ እንደሆነ አልገባኝም፤ ሙዳዩ እየሞቀብኝ ስለነበር አልጠየቅኩትም። አስገባኝ።

ቀኛዝማች ትልቁ ግራር ሥር አግዳሚ ላይ ተቀምጠዋል። አጠገባቸው የንስሐ አባታቸው አሉ። የአምስት ዓመቷ ልጃቸው ውዴ ከውሻው ጋር አፈር ላይ ትጫወታለች። ውሻው ድመት የሚያክል ነው፣ አንድ የባቡር መሐንዲስ የሰጣቸው። ጠርጥር ብለው ነው ስም ያወጡለት። ልጃቸውንና እሱን እኩል ነው የሚያዩት ይባላል።

እጅ ነሳሁ። "ጌታዬ፣ እጅ መንሻ ይዤ ነው።"

"የማን ልጅ ነሽ?"

"የሰንበታ። የበቅሎ ነጂው።"

ሁለቱም ዝም አሉ። እኔ ዝምታ ሲሆን ማውራት እጀምራለሁ፣ በሽታዬ ነው። ሙዳዩን ከፍቼ ይሄ ብርቱካን ነው፣ ይሄ ኮረሪማ፣ ይሄ ቡና፣ ይሄ ደሞ የፈረንጅ ሽቶ፣ እያልኩ እስከ መቶ ስለመቁጠሩ ሁሉ ነገርኳቸው። አባ ጎንበስ ብለው አሸተቱት።

"ቅቤ አለበት እንዴ?"

"አለበት አባ፣ ለጋ ነው። ስልባቦትም አለበት" አልኩ፣ ደረቴን ነፍቼ።

ቀኛዝማች ፈገግ አሉ። "ልጅት፣ ዛሬ ምን ቀን ነው?"

ያኔ ገባኝ። ረቡዕ። ከማዳም ጋር ስሠራ ቀኑን የማውቀው በባቡር እንጂ በጾም አልነበረም።

"በረቡዕ ቅቤ ያለበት እጅ መንሻ ይዞ የመጣ ሰው አላየሁም" አሉ። "እኔ ዛሬ እንደማልበላ ታውቂያለሽ። ነገ ስበላው አንቺ እዚህ አትኖሪም። እንዲህ ነው ያሰባችሁት?"

"አይ ጌታዬ፣ ረስቼው ነው፤ እውነቴን።"

"ቅመሺ።"

እጄን ዘረጋሁና ቆምኩ። አባ ፊት ለፊቴ ናቸው። በረቡዕ ቅቤ። እናቴ ብትሰማ ትገድለኛለች ብዬ ነው ያቅማማሁት፣ ሌላ ምንም አላሰብኩም። ቀኛዝማች ግን ያዩት አየር ላይ የቀረውን እጄን ነው።

"ቅመሺ ልጄ" አሉ አባ። "ንስሐሽን እኔ እሰጥሻለሁ። አርባ ስግደት ይበቃሻል።"

ከብርቱካኑ በላሁ። ከኮረሪማው በላሁ። ከቡናው በላሁ። እንደዚያ ተጨንቄ እንኳ ጥሞኛል፣ ይሄን አልደብቅም። ወደ አራተኛው ስዘረጋ እጄን በዝንብ ማባረሪያ ጭራቸው መለስ አደረጉት።

"የምታውቂውን ቀምሰሻል። ይሄን ደሞ የማያውቀው ይቅመስ" አሉና ሙዳዩን ወደ ጠርጥር ገፉት። ውሻው ቀና ብሎ አላየም። አንድ፣ ሁለት፣ እኔ እቆጥር ነበር፣ ከአራተኛው መስመር አስር ዋጠ። ከዚያ ሙዳዩን አንስተው አግዳሚው ላይ አስቀመጡ።

"ፀሐይ እስክትጠልቅ እዚህ ትቀመጫለሽ። አንቺም ውሻዬም ደህና ካመሻችሁ አባትሽን ይዘሽ ትሄጃለሽ።"

ልዘል ነበር ከደስታዬ። አያችሁ፣ ቀላል ነው አልኩ በልቤ። ፀሐይ እስክትጠልቅ መቀመጥ ምን አለው?

ያስቀመጡኝ ከጎተራው ትይዩ ነው። ትንሽ እንደቆየሁ ከውስጥ የሰንሰለት ድምፅ ሰማሁ።

"እልፍነሽ? የአንቺን ድምፅ ነው የሰማሁት?"

"እኔ ነኝ አባዬ። ማታ ቤታችን እንገባለን።"

"ማን ላከሽ?"

"ማንም። ቸኮላት ይዤ መጣሁ።"

"ምንድነው እሱ?"

"የሚበላ። ውሻቸው ወዶታል።"

ሰንሰለቱ ወደ በሩ ተጎተተ። "ውሻቸው በላው?" አለ። "አስር" አልኩት። ከዚያ ጭንቅላቱ ግድግዳው ላይ ሲደገፍ ሰማሁ።

የባቡሩ ፉጨት መጣ፣ ሄደ። ምግብ ቤቱ እንዴት ሆኖ ይሆን እያልኩ ሳስብ ጠርጥር ተነስቶ ውሃ ጠጣ። ገንዳውን ጨረሰው። እንደገና ሞሉለት፣ ያንንም ጨረሰ። ከዚያ ግቢውን መዞር ጀመረ። ሲጫወት አልነበረም። በአንድ መንገድ፣ ግድግዳ ግድግዳውን፣ ምላሱን አውጥቶ። ዘጠኝ ሰዓት ግድም ቆመና አስታወከ፤ ዳማ ነው፣ የኔ ሥራ ነው። ከዚያ እግሮቹ ይንቀጠቀጡ ጀመር።

ጉተማ አየኝ። እኔም አየሁት።

ያን ጊዜ ነው ያቺ ሰማያዊ ጠርሙስ ትዝ ያለችኝ። ቀዩ ወረቀት። "ሁለት ብቻ" ያለችው ጣት። እና የሚቀጥለው ሐሳብ፦ አራተኛውን አልቀመስኩትም። ወጥ ቤትም፣ እዚህም። እስከዚያች ደቂቃ ድረስ እኔ የማውቀው ቸኮላት ምን እንደሆነ ነው፤ ከዚያች ደቂቃ በኋላ ግን ምን እንደሠራሁ አላውቅም ነበር።

ቀኛዝማች መጡ። ውሻቸው አጠገብ ተንበረከኩ። ትልቅ ሰው እንዲህ ሲንበረከክ አይቼ አላውቅም። ከዚያ ቀና ብለው እኔን አዩ፣ ረጅም ጊዜ።

"እሱ ይሞታል። አንቺ ደህና ነሽ።"

"ጌታዬ፣ እኔ ሌላውን ነው የቀመስኩት። አራተኛውን ይስጡኝ፣ እቀምሰዋለሁ።" እውነቴን ነበር። ብሞትም ማወቅ ፈልጌ ነበር።

መጥተው እጄን ያዙ። ወዲያው ለቀቁት። "እጇ እንደ ሬሳ ነው" አሉ ወደ አባ ዞረው። "በዚህ ፀሐይ።"

"ማርከሻ ጠጥታ መጥታለች" አሉ አባ። "መርዝ የሚያበላ ሰው አስቀድሞ ማርከሻውን ይጠጣል። ለዚህ ነው ስትበላ ያልፈራችው።"

ብበላ ጥፋት፣ ባልበላም ጥፋት። ደህና መሆኔ ራሱ ምስክር ሆኖ መጣብኝ። "አራተኛውን ስጡኝ" አልኩ እንደገና። ሌላ የምለው ነገር አጣሁ። ጉተማ ሙዳዩን አምጥቶ ከፈተው።

አራተኛው መስመር ባዶ ነበር። ሠራሁት አስራ አምስት፣ ውሻው የበላው አስር። አምስቱ የሉም።

ሁላችንም እኩል ነው ያየናት መሰለኝ። ውዴ ከግራሩ ጀርባ ቆማ ጣቷን ትልሳለች። አፏ ዙሪያ ዳማ ነው። ቀሚሷም ላይ።

"ስንት በላሽ?" አሉ ቀኛዝማች። ድምፃቸው የሳቸው አልነበረም።

"ሁሉንም" አለች። "አልቋል። ሌላ አለ?"

ብድግ አድርገው አቀፏትና ወደኔ መጡ። ጉተማ ጠመንጃውን ከትከሻው አወረደ፣ ግን ምን እንደሚያደርግበት አላወቀም። ሊገድሉኝ ነው ብዬ ዓይኔን ጨፈንኩ። አልነኩኝም። ስከፍት ልጃቸውን እንዳቀፉ ፊቴ ቆመዋል።

"ማርከሻውን አምጪ።"

"የለኝም ጌታዬ።"

"አምጪው። ለኔ አይደለም። ለሷ ነው።"

"እኔ ምንም አልጠጣሁም..."

"አባትሽን አሁኑኑ እፈታለሁ። በቅሎዋን ምሬያለሁ። ማርከሻውን ስጪኝ።"

ይሄን ሲሉ አንድ ነገር መጣልኝ። ነግሬያችኋለሁ፣ ከመጣልኝ አይቆይም። "መጀመሪያ አባቴን ይፍቱ" ሲል የሰማሁት አፍ የኔ ነበር።

ፈቱት። ጉተማ እየሮጠ ሄደ፣ ሰንሰለቱ ሲወድቅ ሰማሁ፣ አባቴ ዓይኑን በእጁ ከልሎ ወጣ። ብርሃኑ ከብዶት ነው። እግሩ አልታዘዝ ብሎት ግድግዳ ያዘ። አየኝና ምንም ሳይል ጭንቅላቱን ነቀነቀ፣ አይሆንም እንደማለት። ምን እንደማደርግ እንዴት እንዳወቀ አላውቅም።

ከሙዳዩ አንድ የኮረሪማ ድብልብል አነሳሁ።

"ማርከሻው ይሄ ነው" አልኩ። "ኮረሪማው።"

ቀኛዝማች ተቀብለው በሁለት እጃቸው ለልጃቸው አጎረሷት። ውዴ አላመጠችው። "ያኛው ይሻላል" አለች።

ከዚያ መጠበቅ ሆነ። ጠርጥር አስር ሰዓት ላይ ሞተ። ማንም አላነሳውም። ውዴ አባቷ ጭን ላይ ናት። መጀመሪያ አወራች፣ ከዚያ ዝም አለች፣ ከዚያ ጭንቅላቷ ወደ ጎን ወደቀ። አባ ዳዊታቸውን ዘረጉ። እኔ አፏን ነበር የማየው፣ አፏ ዳር ላይ ያለችውን የካካዎ ዱቄት፣ በትንፋሽ ትንቀሳቀስ እንደሆነ። አንዴ የተንቀሳቀሰች ይመስለኛል፣ አንዴ ነፋስ ይመስለኛል። እስከ መቶ ቆጠርኩ። እንደገና እስከ መቶ ቆጠርኩ። ፈራሁ፣ ግን የፈራሁት ለሷ ይሁን ለኔ መለየት አልቻልኩም።

ፀሐይ ተራራው ላይ ስትቀመጥ ውዴ ዓይኗን ገልጣ "ጠማኝ" አለች።

ውሃ ሲያመጡላት እንደ ጠርጥር ሁሉንም ልትጨርሰው ነው ብዬ ጠበቅኩ። ሁለት ጉንጭ ጠጣችና "ውሻዬ የት ሄደ?" አለች።

ቀኛዝማች አላለቀሱም። ልጃቸውን አውርደው ተነሱና ለአባቴ "ሂድ" አሉት። አባቴ "ከልጄ ጋር" አለ። "ልጅህ ትቆያለች" አሉ።

"ጌታዬ፣ ቃልዎን ሰጥተዋል።"

"አንተን ለመፍታት ነው ቃል የሰጠሁት። ፈታሁህ።" ከዚያ ወደኔ ዞሩ። ፊታቸው ላይ ቁጣ አልነበረም፣ ቁጣ ቢሆን ይሻለኝ ነበር። ገበያ ላይ የሚፈልገውን እቃ እንዳገኘ ሰው ነው ያዩኝ። "ማርከሻ የሚያውቅ ሰው ከቤቴ አይወጣም። ከዛሬ ጀምሮ የምበላውን አንቺ ትቀምሻለሽ።" ሊሄዱ ሲሉ ቆም አሉ። "አንድ ነገር። ለውሻዬ ለምን አልሰጠሽውም?"

"አልጠየቁኝም" አልኩ።

ደስ አላቸው በመልሴ። ያ ነው ያስፈራኝ።

ይሄው ሦስት ወር ሆነኝ። ከመኝታቸው ጎን ያለችው ክፍል የኔ ናት፣ ጥሩ አልጋ አለኝ፣ ውዴ ትወደኛለች። ከማዳም ቤት ቸኮላት አስመጥተውልኛል፤ በየሳምንቱ የኮረሪማ ድብልብል እሠራለሁ። ሙዳዩ ከራስጌያቸው ነው። ሲያስነጥሳቸው እንኳ አንድ ይበላሉ። አባቴ አዳሚ ቱሉ መንገድ ላይ በቅሎውን ይነዳል፤ ሁልጊዜ ግን የሳቸው ሰው ከኋላው ይሄዳል።

ባለፈው ቅዳሜ ከሪማ በር ድረስ መጥታ ነበር። ማዳምን ጠይቃልኛለች። ሰማያዊዋ ጠርሙስ የኬክ ሽቶ ናት፣ ሌላ ነገር አይደለችም። ቀዩ ወረቀት የሱቁ ምልክት ነው። ማዳም "ሁለት ብቻ" የምትለው ውድ ስለሆነች ነው።

"ውሻውስ?" አልኳት።

"ቸኮላት ለውሻ መርዝ ነው አለች ማዳም። ለሰው አይደለም። ድሬዳዋ እያለች የራሷ ቡችላ እንደዚያው ሆኖ ሞቶባታል። እልፌ፣ ንገሪያቸውና ውጪ።"

"ብነግራቸው ማርከሻ የለኝም ማለት ነው እኮ።"

"እና?"

"ማርከሻ ከሌለኝ አባቴን የፈቱት በውሸት ነው።"

ከሪማ እጄን ያዘችና "ቀዝቅዘሻል" አለች። "ሁሌም እንደዚህ ነኝ" አልኳት።

ዛሬ ጧት ደሞ ከዝዋይ በኩል አንድ ሽማግሌ ማር ይዘው መጡ። ነጭ ማር፣ ሙሉ ገንቦ። አምና ቀኛዝማች መሬታቸውን የወሰዱባቸው ሰው ናቸው፤ ጉተማ ነው በጆሮዬ የነገረኝ። እንደ ደንቡ ቅመሱ ተባሉ። ሽማግሌው የዘረጉት እጅ አየር ላይ ቆመ። እኔ ያንን እጅ አውቀዋለሁ። "ጥርሴን ያመኛል ጌታዬ" አሉ።

ረቡዕ ይሆን እንዴ ብዬ ቶሎ አሰብኩ። አይደለም፣ ማክሰኞ ነው። ማር ደሞ በጾምም ይበላል።

ቀኛዝማች ሳቁ። "ግድ የለም አባቴ፣ አይጨነቁ። እኔ እልፍነሽ አለችልኝ።" ማንኪያውን ማሩ ውስጥ ነክረው፣ እስኪንጠባጠብ ሞልተው ወደኔ ዘረጉ። ሽማግሌው መሬት መሬት ያያሉ። ውዴ ቀሚሴን ይዛ "ለኔም" ትላለች።

"ማርከሻው አለሽ አይደል?" አሉኝ።

አባቴ ዛሬ መንገድ ላይ ነው፣ አዳሚ ቱሉ ሳይደርስ አይቀርም። የሳቸውም ሰው ከኋላው።

የውዴን እጅ ከቀሚሴ ላይ አላቀቅሁና ወደ ጉተማ ገፋ አደረግኳት።

"አለኝ ጌታዬ" አልኩ። አፌንም ከፈትኩ።